ክሪቤንሲስ ደሴ ላይ፦ እንቁላሉ በሦስተኛው ቀን የት ነው የሚገባው?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ። ጥንድ ክሪቤንሲስ (በዋሻ የምትወልድ ትንሽ የጌጥ ዓሣ) ይዣለሁ። መስታወቱ 80 በ35 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሸዋውና ከላይ የተተወው ክፍት ሲቀነስ 95 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ባለ 100 ዋት ሂተር፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር፣ ታች 4 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ በጎኑ የተጋደመ አንድ የሸክላ የአበባ ማሰሮ አለው። ክዳን የለውም። አብረዋቸው ስምንት ጉፒ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አሉ።

ሴቷ ሆዷ ቀይ ወይን ጠጅ መልክ ይይዝና ጎኗን ቆልመም አድርጋ ወንዱ ፊት ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ማሰሮው ውስጥ ገብታ ጣሪያው ላይ እንቁላል ትጥላለች። ሁለት ቀን አትወጣም ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ማሰሮው ባዶ ነው። አንዴ ሳይሆን በተደጋጋሚ። ሌሊት መብራት ከጠፋ ቴርሞሜትሩ ጠዋት 21 ያሳያል፤ ካልጠፋ 25 ነው። የቧንቧው ውሃ ፒኤች (የኮምጣጣነት ልኩ፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ ይኮመጥጣል) 7.8 ነው፣ የካርቦኔት ጥንካሬው 10 ዲግሪ።

አንዳንዱ ውሃው ጠንካራ ስለሆነ ነው ሎሚ ጠብ አድርጊበት ይላል። ሌላው የክረምት ዝናብ ውሃ ተጠቀሚ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በዝናብ ውሃ ያደገ ሁሉ ወንድ ይሆናል አለኝ። የትኛውን ልስማ?


ጀበና ሰባሪ (ደሴ)

ሎሚውን ለሰላጣ አስቀምጪው። ገበያ ላይ ክሪቤንሲስ ተብሎ የሚሸጠው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ፔልቪካክሮሚስ ፑልከር ነው። ትውልዱ ከደቡብ ናይጄሪያና ከካሜሩን ጠረፍ ወንዞች ይሁን እንጂ እዚህ የሚደርሰው በመስታወት ውስጥ ስንት ትውልድ የተራባ ስለሆነ በ7.8 ይወልዳል። ለስላሳና ኮምጣጣ ውሃ ካላገኘ እንቁላሉ የሚበላሽበት ዘመዱ ቴኒያተስ ነው፤ ያንቺ እሱ አይመስለኝም። ያንቺ ችግር ሙቀት ነው፣ ሒሳቡን እይው።

95 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 110 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የደሴ ቤት ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት 14 ዲግሪ ቢሆን፣ ውሃውን 26 ላይ ለመያዝ የ12 ዲግሪ ልዩነት አለ። ይህን የሚያህል ምንም ያልለበሰ መስታወት ክዳን እንኳ ቢኖረው በዚያ ልዩነት 90 ዋት ገደማ ያጣል። ክዳን ከሌለው በትነት የሚሄደው ይጨመርበታል፣ ስለዚህ 100 ዋቱ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ እየሠራ 25 ላይ ቀረ ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ውሃው በሰዓት ከ0.8 ዲግሪ ያላነሰ ይወርዳል። አምስት ስድስት ሰዓት ከጠፋ 21 መድረሱ አይገርምም። እንቁላሉ 26 ወይም 27 ላይ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። 21 ላይ ግን እድገቱ ይጎተታል፣ ያልተዳቀለው እንቁላል መጀመሪያ ነጭ ይሆናል፣ ሻጋታው ከነጩ ወደ ጤነኛው ይሻገራል፤ ሴቷም የተበላሸውን መልቀም ትጀምርና ሁሉንም ትጨርሰዋለች። እናት ጨካኝ ሆና አይደለም፣ ቤቷን እያጸዳች ነው።

መጀመሪያ ክዳን አድርጊ። መስታወት ቆራጭ ጋ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ያስቆርጡታል፤ ለቱቦና ለሽቦ አንድ ማዕዘን ይቀነስለት። ቀጥሎ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጀርባውንና ሁለቱን ጎን ሸፍኚው። ከሥሩም ይግባ፣ ግን ጠረጴዛው ድፍንና ለጥ ያለ መሆን አለበት። ይህ ብቻ የሚጠፋውን ሙቀት ግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ሂተሩን በተመለከተ አንድ ባለ 200 ከመግዛት ያለው ላይ ሌላ 75 ወይም 100 ዋት መጨመር ይሻላል። የአንዱ ቴርሞስታት ተጣብቆ አልጠፋ ቢል ለብቻው ውሃውን አያፈላውም፤ አንዱ ቢሞት ደግሞ ሌላው ሌሊቱን ያሻግራል። አንዱን ከስፖንጁ አጠገብ አድርጊው፣ አረፋው ሙቀቱን ያዳርሰዋል።

መብራት ሲጠፋ ከፊት በኩል ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይጣልበት። ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ሞልተሽ፣ ከድነሽ ብታንሳፍፊው ሙቀቱን ሰጥቶ ሲጨርስ ገንዳውን በ0.8 ዲግሪ ያህል ያነሣል። ከዚያ በላይ ከተሞቀ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ሁለት ሦስት ጠርሙስ በየተራ፣ በሰዓት ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይነሣ። የፈላ ውሃ በቀጥታ መጨመር ግን የተከለከለ ነው።

አሁን አየር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በዚህ ከፍታ 26 ዲግሪ የሆነ ውሃ ቢጠግብ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 6 ሚሊ ግራም ያህል ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ 8 ይሆን ነበር። የውጭ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን ሩብ ቀንሰሽ አንብቢው። ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚታፈነው ዋሻው ውስጥ ያለው እንቁላል ነው፤ ሴቷ በክንፏ ብታራግብለትም የምታራግበው ያንኑ ውሃ ነው። በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ በፓወር ባንክ ሌሊቱን ትዘልቃለች። ፓምፑን ከውሃው ወለል በላይ ስቀዪው፣ አለዚያ ቱቦው ላይ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ። መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያቃጥላል፣ ወለሉንም ያጥለቀልቃል።

ማሰሮውም አፉ ሰፊ ነው። ዋሻ ማለት ሴቷ በአካሏ በሩን ልትደፍነው የምትችለው ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አንገቱ የተሰበረ ጀበና ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሆዱ ክብ ነው፣ ጣሪያው ሻካራ ነው፣ በሩ ልኩን ነው። ያልተሟሸና ያልተቀባ ይሁን፤ ዘይት የጠጣ ሸክላ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ለወራት ይተፋዋል። ሁለት ጊዜ ያለ ሳሙና አፍልተሽ ሦስት ቀን ዘፍዝፊው፤ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ከተንሳፈፈ ጣዪው። የተሰበረውን ጠርዝ በድንጋይ ሞርደሽ አለስልሺ። በሩ ወደ ሰው መተላለፊያ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይዙር። እንዲመርጡ ሁለት ይኑሩ።


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ስለ ሙቀት የተባለው ልክ ነው፣ እኛ ቆላ ብጤ ስለሆንን ያን ያህል አንሠቃይም እንጂ። ግን አንድ ነገር ተዘለለ። እንቁላሉ ተበልቷል ያለው ማነው? 25 ዲግሪ ላይ ሦስተኛው ቀን የሚፈለፈልበት ቀን ነው። የተፈለፈለው ጫጩት መዋኘት አይችልም፣ አስኳሉን ተሸክሞ ጅራቱን ብቻ የሚያወናጭፍ ነጥብ ነው። እናትየው በአፏ እየለቀመች አሸዋ ውስጥ ወደቆፈረችው ጉድጓድ ታዛውረዋለች፣ ብዙ ጊዜ ከማሰሮው ሥር ወይም ከጀርባ መስታወቱ ጥግ። እንቁላል ከተጣለ ሰባት ስምንት ቀን ሲሆን ነው ተነሥቶ የሚዋኘው። በመሐል ማሰሮውን አንሥቶ ያየ ሰው ባዶ ያገኛል፣ ይባስ ብሎም ጉድጓዱን በማሰሮው ይደፈጥጠዋል።

መለያው የእናትየው ጠባይ ነው። ልጅ ካላት ሆዷ ደማቅ ጎኗ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል፣ አንድ ጥግ አትለቅም፣ ወንዱን ሳይቀር እየገፋች ታባርራለች። እንቁላሉ ከተበላ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ትደበዝዛለች፣ እንደ ልቧ ወጥታ ትበላለች፣ ወንዱም እንደገና መሽኮርመም ይጀምራል። ማሰሮውን ሳትነኪ በስልክ መብራትና በትንሽ መስታወት ከጎን እዪ።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ ሎሚና አቼቶ የማይሠሩበት ምክንያት አለ። የካርቦኔት ጥንካሬሽ 10 ነው ብለሻል፤ አሲዱን ያ ካርቦኔት ይበላዋል፣ ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓት ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ዓሣን የሚጎዳው ይህ መውጣት መውረድ ነው እንጂ 7.8 ራሱ አይደለም። በዚያ ላይ የሎሚው አሲድ ለባክቴሪያ ምግብ ነው፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ኦክስጅኑም ይበላል። ፒኤች ማውረድ የሚፈልግ ካርቦኔቱን ነው የሚቀንሰው፣ የሚቀነሰውም ለስላሳ ውሃ በመቀላቀል ነው። ግማሽ የቧንቧ ግማሽ የዝናብ ብታደርጊ 10 የነበረው 5 ይሆናል። ባንዴ ግን አይደለም፣ በየሳምንቱ ቅየራ በጥቂት በጥቂቱ።

የዝናብ ውሃን ከቆርቆሮ ጣሪያ አትቅጂ። የቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ነው፤ ለስላሳ ውሃ ዚንክን ያሟሟል፣ ዚንክ ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ሜዳ ላይ ንጹሕ ላስቲክ በአራት እንጨት ወጥረሽ፣ መጀመሪያ የዘነበውን ግማሽ ሰዓት አሳልፈሽ ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን አስገቢ። ክረምቱ ሲያልፍ የታሸገ ውሃ ለማደባለቅ ይሆናል፣ ግን ሁሉም ለስላሳ አይደለም፤ ባይካርቦኔቱን ከልጣፉ ላይ አንብቢ። «የባትሪ ውሃ» ስትገዢ ደግሞ ተጠንቀቂ። በዚያው ስም የተጣራውም ይሸጣል፣ አሲዱም ይሸጣል።

ሁሉ ወንድ ይሆናል የሚለው ወሬ መሠረት አለው፣ የተጋነነ ነው እንጂ። በዚህ ዓሣ ላይ ጫጩቶቹ መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት የሚያድጉበት ፒኤች የጾታቸውን ድርሻ ያዘነብለዋል፤ ኮምጣጣ ውሃ ወደ ወንድ፣ ገለልተኛው ወደ ሴት። ባዶ የዝናብ ውሃ ካርቦኔት ስለሌለው ፒኤቹ ሳይታወቅ ወደ 5 ሊንሸራተት ይችላል፣ ያኔ ወንድ ይበዛብሻል። ከ6.5 እስከ 7 ላይ ብትይዢው ይቀራረባል። የወላጆቹ ውሃ ብቻ ተለክቶ የጫጩቶቹ ማሳደጊያ ባልዲ ሳይለካ ስለሚቀር ነው ሰው የሚደናገረው።

ክሎሪንንም አትርሺ። በፈረቃ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ በክሎሪን ይበረታል። በባልዲ አየር እየነፋሽበት 24 ሰዓት ይደር፤ ከቸኮልሽ ሶዲየም ቲዮሰልፌት 1 ግራም ለ100 ሊትር ይበቃል።


ሠላሳ ሊትር (ደሴ)

ይህን ሁሉ ከማድረግ እንቁላሉን ከነማሰሮው በ24 ሰዓት ውስጥ ማውጣት ይቀላል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ከዚያው ከገንዳው የተቀዳ ውሃ፣ የአየር ድንጋይ እንቁላሉን በቀጥታ ሳይመታ አጠገቡ፣ ሻጋታ የሚከላከለው ሜቲሊን ብሉ ውሃው ፈካ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን። ባልዲውን ገንዳው ውስጥ ብታንሳፍፊው ሙቀቱም እኩል ይሆናል። ነጭ የሆነውን በየቀኑ በስፖይድ (በጠብታ መሳቢያ) ልቀሚ። ከተፈለፈለ በኋላ ሰማያዊውን በየቀኑ ሩብ ሩብ በመቀየር አስወጪ። ሜቲሊን ብሉ ጠፋ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ፣ ጄንሽያን ቫዮሌት፣ የሚጨምር አለ፤ እሱ ሌላ ኬሚካል ነው፣ ዓሣን ይመርዛል።


ጀበና ሰባሪ (ደሴ)

አሠራሩ ትክክል ነው፣ ምክሩን ግን አልቀበለውም። ይህን ዓሣ ሰው የሚይዘው እናትና አባት ልጆቻቸውን መንጋ አድርገው ሲነዱ ለማየት ነው። የሐይቁ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንኳ ከዚሁ ቤተሰብ ሆኖ ልጁን በአፉ ሰውሮ ነው የሚያሳድገው፤ እነዚህ ግን በግልጽ ነው። እንቁላሉ በተወሰደባት ቁጥር ሴቷ በሁለት ሦስት ሳምንት እንደገና ትጥላለች፣ ሰውነቷ ይመነምናል። ወጣት ጥንድ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች መብላቱ የተለመደ ስለሆነ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ሦስት አራት ዙር መታገሥ ነው። ከዚያም እምቢ ካሉ ባልዲው አለ።

እስከዚያ ሌሊት ደብዛዛ መብራት ይቆይላቸው። ዋናው መብራት ድርግም ሲል ወላጆቹ ይደነግጣሉ፣ ደንጋጣ ወላጅ ደግሞ ይበላል።


የሆጤዋ (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ። ቦርከና ዳር ያልከው ሁለቱም አለ። መብራት በጠፋበት ሌሊት ማግስት ሴቷ ደብዝዛ ወጥታ ትበላለች። መብራት ባልጠፋበት ሳምንት ግን ከማሰሮው ጀርባ ጥግ ይዛ ጉፒዎቹን ስታሳድድ ትቆይና ሳምንት ሳይሞላ ትተወዋለች። እንግዲህ ተፈልፍለው የነበሩ አሉ ማለት ነው። ጉፒዎቹ ይሆኑ እንዴ? ደግሞስ ቢወጡልኝ ምን አበላቸዋለሁ፣ ደሴ ላይ የጫጩት ምግብ የለም። ሌላ ጥንድ ከአዲስ አበባ ላስመጣም አስቤያለሁ።


የወይራ ጥላ (ደሴ)

ጉፒዎቹ ናቸው። መዋኘት የጀመረ የክሪቤንሲስ ጫጩት ለጉፒ አንድ ጉርሻ ነው፣ ስምንት ጉፒ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ሁሉንም ግን አታውጪ። ከውጭ የሚባረር ጠላት ያጣ ጥንድ እርስ በርሱ ይጣላል፤ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ወንዱ መሸሻ የለውም፣ ሴቷ ልጅ ስትይዝ ደግሞ ክፉ ነች። ሁለት ሦስት ወንድ ጉፒ ላይ ላዩን ይዋኙ። ታች የሚርመሰመስ ዓሣ፣ በተለይ በሌሊት መስታወት የሚልስ ድመት ዓሣ፣ ፈጽሞ አይግባ፤ ወላጆቹ በጨለማ አያዩትም፣ እሱ ግን እንቁላሉን አሽትቶ ያገኘዋል።

ምግቡ፣ የሚቀለው ማይክሮዎርም የሚባለው ረቂቅ ትል ነው። ወፈር ያለ የአጃ ገንፎ ያለ ጨው ቀቅለሽ ሲበርድ ክዳኑ በተበሳ ፕላስቲክ ዕቃ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘርጊ፤ ከሌላ አሳዳጊ ያገኘሽውን ትሉ ያለበት አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ላዩ ላይ አድርጊ። በቀናት ውስጥ ትሎቹ ግድግዳውን ይወጣሉ፣ በጣትሽ ጠርገሽ ገንዳው ውስጥ ማለቅለቅ ነው። የደሴ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ሳምንታት ቆይቶ ገንፎው ሲቀጥንና ሲከረፋ ከእሱ ማንኪያ ወስደሽ አዲስ ዕቃ ጀምሪ። ሁልጊዜ ሁለት ዕቃ ይኑርሽ፣ አንዱ ቢበላሽ ዘሩ እንዳይጠፋ።

የአርቴሚያ (የጨው ውሃ ረቂቅ ሽሪምፕ) ደረቅ ዕንቁላል በትንሽ ጣሳ ማስመጣት ከቻልሽ ከሁሉ ይበልጣል። ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠሽ ገልብጪው፣ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው በሊትር፣ ቁንጥጫ ሶዳ፣ 1 ግራም ዕንቁላል፣ ከሥር በቱቦ ጠንካራ አየር። 27 ዲግሪ ላይ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈጃል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ጠርሙሱን ከገንዳው ክዳን ላይ አምፖል አጠገብ አስቀምጪው፣ ብርሃኑም ያስፈልገዋል። አየሩን ስትዘጊ ልጣጩ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማዎቹ ሕያዋን ወደ ታች ይሰበሰባሉ። በነጠላ ጨርቅ አጥልለሽ በንጹሕ ውሃ እጠቢያቸው። ጨዋማውን ወደ ገንዳው አትገልብጪ። የጫጩቶቹ ሆድ ብርቱካናማ ሆኖ ከታየ በልተዋል።

የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል የሚያበላ አለ። ይሆናል፣ ግን የስንዴ ፍሬ ታህል በጨርቅ ጨምቀሽ ለሙሉ መንጋ ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃው ይሸታል፣ አሞኒያው ይወጣል፤ በ7.8 ደግሞ አሞኒያ በኮምጣጣ ውሃ ካለው በብዙ እጥፍ መርዛም ነው።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ። የተረፈውን በቀጭን የአየር ቱቦ ስበሽ አውጪ፣ የሳብሽው ነጭ ሳሕን ላይ ይውረድ፣ አብሮ የተሳበ ጫጩት እንዲታይ። በየቀኑ 10 በመቶ ውሃ፣ ሙቀቱ የተመሳሰለ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቢው፤ ከገንዳው በወጣ ውሃ ጨመቅ ማድረግ ብቻ፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ ያለው ቆሻሻ የሚመስል ነገር ጫጩቶቹ ቀኑን ሙሉ የሚለቅሙት ምግብ ነው። ደረቅ የዘይቱን (የጓቫ) ቅጠል ሁለት ሦስት አፍልተሽ ብታስገቢ በላዩ ረቂቅ ሕያዋን ይራቡበታል፣ መሸሸጊያም ነው። አረንጓዴውን ቅጠል አይደለም፣ ከዛፉ ደርቆ የወደቀውን። የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ዘይት አላቸው፣ ገንዳ አጠገብ አይድረሱ።

ወላጆቹ እንደገና እንቁላል ሊጥሉ ሲያስቡ የፊተኞቹን ማሳደድ ይጀምራሉ። ጫጩቶቹ ሳንቲ ሜትር ሲያልፉ ሌላ ገንዳ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። በዝተው የሚወሰዱበት ቢታጣ እንኳ ወደ ቦርከናም ወደ ሐይቅም አይጣሉ። ሐይቅ ላይ ያለው ቆሮሶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው ያስገባው ነው፣ ሌላ እንግዳ አይጨመርበት።


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ስለ ሁለተኛው ጥንድ፣ በ95 ሊትር ውስጥ አንድ ጥንድ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ሁለተኛው የራሱ ገንዳ ይፈልጋል። ያ ከተዘጋጀ፣ ስትመርጪ ወንዱ ረዘም ብሎ የጀርባና የታች ክንፉ ጫፍ ሹል ነው፣ የጅራቱ መሐል ወጣ ይላል፣ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሴቷ አጠር ድንቡሽ ያለች፣ ክንፏ የተጠጋጋ፣ ሆዷ ቀይ። ጅራት ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ጾታ አይለይም። ከአንድ ገንዳ የወጡ እኩዮች ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወንዱን ከአንድ ሻጭ ሴቷን ከሌላ መውሰድ ነው።

ያንን መንገድ ዓሣ ሳይሆን ሰውም አይወደው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ፣ ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ ኮምቦልቻና ደሴ ነው። የታሸገ ላስቲክ ጣርማበር ላይ ይነፋል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ይሟሽሻል። ስለዚህ ጢም ብሎ እንዳይወጠር፣ ሲጫኑት ጣት ገባ የሚል ይሁን። አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ ኦክስጅን፣ ላስቲኩ ድርብ ሆኖ ውስጠኛው ተገልብጦ በውጨኛው ይግባ፤ ማዕዘን ስለሚጠፋ ዓሣው አይጣበቅበትም። እያንዳንዱ ዓሣ ለየብቻው። ሻጩ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እንዲከለክላቸው ንገሪው፣ ሆዱ የሞላ ዓሣ ላስቲኩን በአሞኒያ ይሞላዋል። ደብረ ብርሃን ይበርዳል፣ ከሚሴ ይሞቃል፤ ነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽ ዝጊው። የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን፣ ከመቀመጫ ሥር።

ደሴ ሲደርስ ሳይከፈት 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ይንሳፈፍ፣ ሙቀቱ እኩል ይሁን። ከተከፈተ በኋላ ግን የገንዳውን ውሃ ሰዓት ሙሉ በጠብታ እየጨመሩ ማላመድን የሚመክር ካለ አትስሚው። ረጅም መንገድ በመጣ ላስቲክ ውስጥ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን አውርዶ የተጠራቀመውን አሞኒያ ጉዳት እንዳያደርስ ይዞታል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ያንቺ 7.8 ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ አሞኒያው ባንዴ ወደ መርዛሙ መልኩ ይለወጣል። ከፍተሽ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ኩባያ ጨምሪ፣ ዓሣውን በመረብ አውጥተሽ ወደ ማቆያው ገንዳ፣ የላስቲኩን ውሃ ወደ ፍሳሽ። ከነባሮቹ ጋር ውሃም መረብም ሳይጋሩ ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለባቸው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይወጣል።